ሰካራም ሁለት ሰው ይፈልጋል

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትቆሙ የማትወድቁት ለምንድን ነው? አታውቁትም። እኔም አላውቀውም ነበር። አለማወቄ ግን እጄን አልያዘኝም፤ አንድን ሰው በሁለት መቶ አባወራ ፊት ሰካራም ብዬ በቃለ ጉባኤ አስፍሬአለሁ።

ነገሩ የሆነው ገና በተሸኘው በ1996 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሲያምርልኝ ደስ ይለኛል። ያ ደስታ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ዘግይቼ ተማርኩ።

ጋሽ መገርሳ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ነፍተዋል። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋጋ ይነሱና ከላይኛው አስፋልት እስከ ታችኛው ድልድይ በየቅያሱ ይዞራሉ። መጀመሪያ ይነፋሉ፤ ቀጥሎ የሟቹን ስም፣ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። የሌላ ሰፈር ነፊ ጮሆ ያልፋል። እሳቸው አራስ ያለችበት ቤት ሲደርሱ ጡሩምባውን ብብታቸው ስር ከተው፣ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩተው ለአባወራው በሹክሹክታ ይነግሩታል። ማን አራስ እንደሆነች፣ የማን ልብ ድንጋጤ እንደማይችል በቃላቸው ያውቁት ነበር። እናቴ ስትሞት ስሟን በየመንገዱ የጠሩት እሳቸው ናቸው። እኛ በር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ የጋቢ ጫፍ እየቋጩ ይኖራሉ። ከእኔ ቤት ጋር የሚለያየን አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» እላለሁ፣ እሳቸውም ከወዲያ «ያኑርህ» ይሉኛል።

ከዓመት በፊት ጋሽ መገርሳን ሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው። ቀደም ሲልም ይዟቸው ታክመው ነበር። ሲመለስባቸው ሁለት ወር ሙሉ ጤና ጣቢያ እየተመላለሱ በየቀኑ መርፌ ተወጉና ዳኑ። ሳሉ ጠፋ፣ ሥጋቸው ተመለሰ፣ ጡሩምባውም ከድሮው በረታ። ሰፈሩ ደስ አለው።

ከዚያ መንገዳገድ ጀመሩ።

ካዛንቺስ ውስጥ ሳይነጋ አጥር እየተደገፈ የሚሄድ ሰው ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰፈሩ በመጠጥ ቤት የታጠረ ስለሆነ መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጋሽ መገርሳ ከበሽታው ወዲህ መጠጥ በአፋቸው አልዞረም፤ እግራቸው ግን መሰከረባቸው። አንድ ማለዳ ቦይ ውስጥ ወደቁና የጡሩምባው አፍ ተጨረማመተ። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏቸው ዝም ብለው ያልፋሉ፤ አንዱ «ኮሩ» አለ፣ ሌላው «ዓይናቸው ፈዟል፣ አረቄ ነው» አለ። ቆመው ከሆነ ግን ሰውን ከሩቅ ይለያሉ፣ በስሙ ጠርተው ልጆቹን ሳይቀር ይጠይቃሉ። ሲሄዱ የማያውቁትን ሰው ሲቆሙ ያውቁታል። ይህን ሁላችንም አይተናል። አንዳችንም አላሰብንበትም።

በሚያዝያ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የቀበሌው አዳራሽ ስለተያዘብን ድንኳናችንን ሣር ሜዳ ላይ ተከልን። ጉባኤያችን የሚከፈተው ለሞቱ አባላት በሚደረግ የህሊና ጸሎት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ እድር ስለሆንን ማንም ድምፁን አያሰማም፤ ሁሉም ቆሞ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ደቂቃ ዝም ይላል። «ዓይናችንን እንጨፍን» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ መገርሳ መሃል ላይ ነበሩ፤ የሚደገፉት ምሰሶ በአጠገባቸው አልነበረም። በሕይወታቸው ሙሉ የሙታንን ስም የተሸከሙ ሰው ናቸውና ከሁላችን በላይ አጥብቀው ጨፈኑ።

አሥር ሰከንድ አልሞላም። ሻይ ልታቀርብልን በቆመችው በጎረቤታችን በሀምዲያ ላይ ወደቁባትና ትሪውም ብርጭቆውም አብሮ ወረደ።

ሊቀመንበራችን አቶ ቸሩ፣ ላንቻ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው፣ የሰከነ ሰው የሚባሉ ናቸው። ከመድረኩ ላይ ሆነው «ለሙታን አንድ ደቂቃ እንኳ አይታገሱም?» አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ መገርሳ ከስብርባሪው መሃል እየተነሱ «ዓይኔን ስጨፍን መሬቷ ጥላኝ ሄደች» አሉ። አሁንስ ሳቁ ባሰ። ሀምዲያ ቀሚሷን እያራገፈች ሰውየው የወደቁት እሷ ላይ እንደሆነ፣ የሸተታትም የራሷ ሻይ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ቃሏን አልመዘገብኩትም። እጅ ተቆጠረ፤ ከሥራ ይሰናበቱ ተባለ። እኔም ጻፍኩ፦ «ጡሩምባ ነፊው በስካር መንፈስ ሆነው የሙታንን መታሰቢያ ስላረከሱ ተሰናብተዋል።» «ስላረከሱ» የሚለውን ቃል ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ሁለቴ አነበብኩትና አማረልኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሙሉነሽ መጡ። የስንብቱን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሃይላይ ልጄ፣ ይሄ ያንተ ጽሑፍ ነው?»

ነው አልኳቸው።

«እጅህ ያምራል» አሉኝ፤ ከዚያ ተቀመጡ።

ስድብ ስጠብቅ ነበርና ክርክሬን አስቀድሜ አወረድኩት። ደንቡን ጠቀስኩ፣ ድምፅ መቆጠሩን ነገርኳቸው፣ ሁሉም በዓይኑ ያየው ነገር ነው አልኩ። ሳያቋርጡ አስጨረሱኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ የባላቸውን ትንፋሽ ከእሳቸው የበለጠ እድሩ ያውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን አንስተው አሳዩኝ።

«በጨለማ ብቻውን ሲሄድ ይወድቃል። ይቺን ጣት ክርኑ ላይ ካሳረፍኩለት እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መደገፌ እኮ አይደለም፣ ብደግፈውስ መች እችለዋለሁ፤ ዝም ብዬ ነካ ነው የማደርገው። ሰካራም ሁለት ሰው ይፈልጋል ልጄ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። በአንድ ጣት የሚቀና ሰካራም የት አይተሃል?»

ሲወጡ ደብዳቤውን ትተውልኝ ሄዱ፤ ያን ዓረፍተ ነገር እንደገና አነበብኩትና ገደል የሚከተኝ መሰለኝ። በቁጣ የምታወቅ ሰው ነኝ፤ በራሴ ላይ ግን እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጋሽ መገርሳን በሚኒባስ ኦሎምፒያ ወሰድኳቸው። ከአደባባዩ ወረድ ብሎ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የጆሮ ሐኪም የሆነች የድሮ ተማሪዬ ራሄል ትሠራለች፤ የማውቃት ሐኪም እሷ ብቻ ናት። እሳቸው መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ፤ እግር የሚያመው ሰው ለምን ጆሮ ሐኪም ጋ ይወሰዳል፣ ይህን ያህል የተማረ ሰው ጆሮና እግርን እንዴት አይለይም እያሉ ተሳፋሪውን አሳቁብኝ።

ራሄል መጀመሪያ ሹካ የመሰለ ብረት መትታ ጆሯቸው አጠገብ ያዘች። ድምፁ ሊጠፋ እስኪል ሰሙት። «ጆሮዬስ ሙሉ ነው፤ ሰው ሳይሞት ነው የምሰማው» አሏት። ቀጥላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፊደል አስነበበቻቸው፤ እስከ ታችኛው ረድፍ ወረዱ። ከኋላቸው ቆማ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ድገሙት ስትል ግን ከላይኛው ትልቅ ፊደል በስተቀር አንዱንም አላገኙትም። ፊደሎቹ ይዘላሉ አሉ። መንገድ ላይም የሰው ፊት እንዲሁ እንደሚዘልባቸው፣ እስኪቆሙ ድረስ ማን እንደሆነ እንደማይለዩ ያን ጊዜ ተናገሩ። ሰላምታ የነፈጉን በኩራት አልነበረም።

በመጨረሻ ወፍራም ስፖንጅ መሬት ላይ አነጠፈችና እላዩ ላይ እግራቸውን ገጥመው እንዲቆሙ አደረገች። ዓይናቸው ተከፍቶ ትንሽ ወዝወዝ እያሉ ቆሙ። ጨፍኑ አለቻቸው። እጇን ዘርግታ ትጠብቅ ስለነበር ያዘቻቸው።

ለስላሳ መሬት፣ የተገጠመ እግር፣ የተጨፈነ ዓይን። በእድሩ ሜዳ ላይ ያዘዝኩት ይህንኑ ምርመራ ነበር። ምርመራውን ሳላውቅ አድርጌ ውጤቱን ገልብጬ አንብቤዋለሁ።

ራሄል እንዲህ ብላ አስረዳችን። ጆሮ ከውስጥ ሁለት ሥራ አለው። ቀንድ አውጣ የመሰለው ክፍል ድምፅ ይሰማል። ከእሱ ጋር የተያያዙ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ቀጫጭን ቀለበቶች ደግሞ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ይለካሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎብጣሉ፣ መልእክቱም ከድምፁ መልእክት ጋር ጎን ለጎን ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ግን የጆሮን ቃል ብቻ ተቀብሎ አይወስንም። ዓይን ያየውን ይጠይቃል፣ እግርና መገጣጠሚያ የረገጡትን ይጠይቃል፣ ሦስቱን ያመሳክርና ቀጥ ብለህ ቁም ይላል። ይህ ሁሉ እኛ ሳናውቅ፣ ዓይን እስኪርገበገብ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ስንራመድ ደግሞ ዓይናችንን ከጭንቅላታችን በተቃራኒ እያንቀሳቀሰ ዓለም እንዳትዘልብን ያደርጋል።

ነቀርሳውን የገደለው መርፌ እነዚያን የሚዛን ፀጉሮችም ገድሏቸዋል። መስሚያውን አልነካም። ስለዚህ የጋሽ መገርሳ አንጎል በሁለት ምስክር ይኖር ነበር፤ ጨለማ ሲሆን ዓይን ይጠፋል፣ ሣር ላይ የእግር ቃል ይበላሻል፣ ሁለቱ ሲገጥሙ የሚጠይቀው ያጣል። የእትዬ ሙሉነሽን ጣት ነገር ስነግራት ራሄል ሳቀች። አንጎል የቸገረው ድጋፍ ሳይሆን ወሬ ነው አለች፤ ቆዳ ላይ ያረፈች ጣት ወዴት እንደዘነበሉ ትነግረዋለች፣ ይበቃዋል።

አንጎል ከእድራችን ይሻላል። ሳያመሳክር አይፈርድም።

ጥፋተኛ ማግኘት የለመድኩ ነኝና መርፌውን የወጋቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ። እስክሪብቶም አውጥቼ ነበር። ራሄል በዚያው በድሮው የተማሪ ድምፅ «መምህር፣ እስክሪብቶዎን ያስቀምጡ፤ መርፌው ባይኖር እኚህ ሰው ዛሬ አይኖሩም» አለችኝ። አስቀመጥኩ።

ፀጉሮቹ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎል ግን ይማራል፤ በቀሩት ምስክሮች ላይ አብልጦ መደገፍን ይለምዳል። ለዚህ ሁለት ነገር አዘዘች። አንደኛው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፊደል ላይ ዓይን ተክሎ ጭንቅላትን ማወዛወዝ ነው፣ አንድ ሳምንት ግራና ቀኝ፣ አንድ ሳምንት ላይና ታች። ሁለተኛው በየቀኑ በእግር መሄድ ነው፤ በቀን ብርሃን፣ በእውነተኛ መንገድ፣ ሰው መሃል። ቤት የተቀመጠ አንጎል የሚማርበት ነገር የለውም አለች።

ጋሽ መገርሳ ስንወጣ ጆሯቸውን ዳሰሱት። «ስልሳ ዓመት ሙሉ ሁለት ሥራ ሲሠራልኝ አንድ ቀን ደህና ዋልክ ብዬው አላውቅም» አሉ።

ፊደሉን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ በካርቶን ላይ በትልቁ «መ» ብዬ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮው ወዲያ የምሰማውና በቀዳዳው የማየው ነገር ከሥራ ያስቀረኝ ጀመር። እትዬ ሙሉነሽ ጋቢያቸውን እየቋጩ፣ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ጥያቄ ይጠይቋቸዋል።

«መገርሳ፣ ሌላ ሴት ትመኛለህ?»

ጭንቅላታቸው ይወዛወዛል።

«እሰይ። ወጤ ጨው በዝቶበት ያውቃል?»

ይወዛወዛል።

«ያኔ ስታገባኝ ከአሁኑ የበለጠ ቆንጆ ነበርኩ?»

ይህን ጊዜ እሳቸው ልምምዱን አቆሙ። «ይሄን በሚመጣው ሳምንት፣ በላይና ታቹ ጊዜ ጠይቂኝ» አሉ። የቋጩት ጋቢ ሲወረወር ሰማሁ።

ልምምዱ ሠራ። በአንድ ወር ውስጥ ግቢው ውስጥ እየተራመዱ ፊቴን በአጥሩ ላይ መለየት ጀመሩ። መንገዱ ግን አልሆነም። የመጀመሪያ ቀን በጠዋት ወጡ፤ ሚኒባስ ማቆሚያው ጋ አንዱ «ጋሼ፣ ዛሬ በስንት መለኪያ ነው?» ሲላቸው ተመለሱ። በማግስቱ ሌላ ሰው በትህትና ክንዳቸውን ይዞ ቤታቸው ሊያደርሳቸው ሞከረ፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አመማቸው። ከዚያ በቀን መውጣት ተዉ። የሰው ዓይን ሲቀንስ ነው የምወጣው ብለው ሲመሽ መሄድ ጀመሩ። ሲመሽ ደግሞ የእሳቸው ዓይን ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ በሁለተኛው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ለራሄል ደወልኩላት። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እሷ ጋ እንደሌለ ነገረችኝ። የት እንዳለ ግን አውቄው ነበር።

ራሄል በሽታቸውን የጻፈችበትን ወረቀት ይዤ ላንቻ አቶ ቸሩ መደብር ሄድኩ። አቶ ቸሩ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ተሳስተናል አሉ። ይመለሱ፣ የድንኳኑና የዕቃው ጠባቂ እናድርጋቸው አሉ። በጉባኤ ይነገር ስል ግን እጃቸውን አነሱ።

«በቃ፣ ሰው ረስቶታል እኮ። ማለቴ፣ አሁን ብናነሳው ማን ምን አለ፣ ማን እጅ አወጣ እየተባለ እድሩ ይታመሳል።»

ሰው አልረሳም አልኳቸው። የተሰበረውን እጅ ነገርኳቸው። እግዜር ይማራቸው አሉና አንድ ኪሎ ብርቱካን ላኩላቸው።

ጋሽ መገርሳ ብርቱካኑን ተቀበሉ፤ መልእክቱን ግን አልተቀበሉም። «ጡሩምባውን ለሌላ ይስጡት፣ ጨለማው ከእንግዲህ የእኔ አይደለም። ዕቃ ጠባቂነቱም ይቅርብኝ» አሉኝ። «በአደባባይ ሰካራም ተብዬ በጓዳ አይደለህም ተባልኩ። በጓዳማ ሙሉነሽ ስትነግረኝ ከርማለች።»

እትዬ ሙሉነሽ ብርቱካኑን እየላጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና የመጀመሪያዋን ፍልቃቂ ለእኔ ሰጡኝ። ይህን ሰፈር በቀን እንዲራመዱበት ካልተፈቀደላቸው ባላቸው ከዚህ በላይ እንደማይድኑ ገብቷቸዋል። አልለመኑኝም። መለመን ቢጀምሩ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በሐምሌው ጉባኤ እጄን አወጣሁ። የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ራሴ አነበብኩት፣ ውሸት ነው አልኩ፣ ያለማስረጃ እንደጻፍኩት፣ የሀምዲያን ምስክርነት ሰምቼ እንደተውኩት ተናገርኩ። ሀምዲያ ተነስታ ቃሏን ደገመች። የሐኪሟን ወረቀት ማንበብ ስጀምር አቶ ቸሩ ከመድረኩ «በአጀንዳ ያልተያዘ ነው» ብለው ወደ እድሩ ድስቶች ጥገና አለፉ። ውሳኔው አልተሻረም። ሰው ከእኔ አፍ ሰማ እንጂ ከሊቀመንበሩ አፍ አልሰማምና ሚኒባስ ማቆሚያው ጋ ያለው ቀልድ እስከ ዛሬ አልቆመም። በዚያው ቀን ጸሐፊነቱን ለቀቅኩ።

እንግዲህ አቶ ቸሩ፣ የእኔን ድርሻ ተናግሬአለሁ፣ ቀሪው የእርስዎ ነው። የጥቅምት ጉባኤ እየደረሰ ነው፣ አጀንዳውን የሚያወጡትም እርስዎ ስለሆኑ አልተያዘም የሚሉት ምክንያት አይኖርም። ጋሽ መገርሳ በቀትር፣ በእግራቸው ይመጣሉ። ብርቱካን አይላኩ፣ ሽማግሌም አይላኩ፣ እኔንም ወደ መደብርዎ አይጥሩኝ። ሁለት መቶው አባወራ በተቀመጠበት ይነሱና በዚያው በሚያዝያው ድምፅዎ ይመልሱ፦ እኚህ ሰው ሰካራም ናቸው ወይስ አይደሉም?